መተንፈሻ የሌለው ባትሪ

የብረት መቅረጫ ማሽኔን፣ ቶርኖዬን፣ ከሸጥኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ብረት ቆራጭ እጁ ሲከዳው ቀጥሎ የሚቆርጠው የራሱን ጣት ነው፤ ስለዚህ በጊዜ ወጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ደግ አደረግህ፣ እረፍ» አለኝ። ላርፍ ስል አንድ የሙያ ማሠልጠኛ መምህር መካነ ሰላም ቤቴ ድረስ መጣ።

«ጋሽ አሰፋ፣ ለሠልጣኞቼ አንድ ነገር ይጻፉልኝ» አለኝ። «በዚህ አገር ከብረት የተሠራ የእጅ ባትሪ መጀመሪያ ያወጡት እርስዎ ነዎት። እንዴት እንደጀመሩት፣ ምን አዲስ ነገር እንዳመጡበት ይንገሯቸው።»

ጻፍኩለት። አራት ገጽ ሆነ። መልሼ ሳነበው ውሸት አጣሁበት፤ ግን የሌላ ሰው ታሪክ መሰለኝ። ሲስተር ዘይነባ የምትባል ሴት ስም አንድም ቦታ አልነበረም። ቀደድኩት። ይኼኛው ሁለተኛው ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የብረት ፍቅፋቂ መጥረግና ዘይት ማቀበል ነበር። አለቃችን ቁጡ ሰው ነበር፤ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ በቀላሉ አያስነካም። «መጀመሪያ በዓይንህ ገምት። ከዚያ ለካ። ከዚያ በስንት እንደተሳሳትክ ንገረኝ» ይላል። የሚቆጣው በመሳሳታችን አይደለም፤ ስህተታችንን አሳንሰን ስንነግረው ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም።

ከኮምቦልቻ ወደ መንገድ ሥራ ካምፕ ተዛወርኩ፤ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው በኩል። ሙቀቱም ወባውም አይጣል ነው። ደመወዙ ከፋብሪካው ሻል ይላል፣ ግን ወባው ይቀበለዋል። እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር አሉሚኒየም ማቅለጥ ነው። የተበላ የመኪና ፒስተን አቅልጠን፣ አሸዋ ውስጥ አፍስሰን፣ የጎደለንን ዕቃ ሁሉ እንሠራበት ነበር። ካምፑ ሲፈርስ ወዳገሬ ተመለስኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ቶርኖ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው ሲሉኝ ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ።

ጋሽ ይመር ይባላሉ። ሃያ ዓመት ገደማ ይበልጡኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። የዚያን ቀን የብሎን ጥርስ እያወጡ ደረስኩ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኳቸው፤ እኔ ክርስቲያን ብሆንም የወሎ ሰው ነኝ። መልስ የለም። ንቀውኝ ነው ብዬ ልመለስ ስል አንዱ ደንበኛ በእጁ «ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጥርሱን አውጥተው፣ ቶርኖውን አጥፍተው፣ እጃቸውን በጨርቅ ከጠረጉ በኋላ ዞር አሉና «ወዓለይኩም ሰላም! እንዴት ዋልክ?» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ያለፈው ሰላምታ ነበር የሚመልሱት። ጥርስ ሲያወጡ ለማንም አይናገሩም።

ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ጠዋት ቶርኖውን ከማስነሣታቸው በፊት እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ «ቢስሚላህ» ብለው፣ የሚዞረውን ክፍል አንድ ዙር በእጃቸው ያዞሩታል። የላላ ነገር ካለ በእጅ ሲዞር ይታወቃል። ያለቀውን ዕቃ ጠርዝ በታችኛው ከንፈራቸው ይዳስሱታል። «ጣቴ ደንድኗል፣ ያታልለኛል። ከንፈር አይዋሽም» ይላሉ። ምልክታቸውን የሚጭሩት ከውጭ አይደለም፣ ከውስጥ ነው፤ ከፍቶ የሚጠግን ሰው ብቻ እንዲያየው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አዲስ ነገር ከሠሩ ለሰው ከመስጠታቸው በፊት ሰባት ቀን ቤታቸው ወስደው ይጠቀሙበታል። ባለቤታቸው እማ ከድጃ «ቤቴን መፈተኛ አደረገው» እያሉ ያማርሩ ነበር።

«ዕቃ አማና ነው» ይሉኛል ጋሽ ይመር። «ሰው አምኖህ ነው እጁ ውስጥ የሚያስገባው።»

የእጅ ባትሪውን የጀመርነው በጥገና ነው። እኛ አገር መብራቱን «ባትሪ»፣ ውስጡ የሚገባውን ደግሞ «ድንጋይ» እንላለን። ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ባትሪው ሁሉ ፕላስቲክና ስስ ቆርቆሮ ሆነ። አንድ ክረምት አያልፍም። ሰው የተሰበረውን እያመጣ «ጠግኑልን» ይለናል። አንድ ቀን ጋሽ ይመር አንዱን ገልብጠው አዩና፣ «ይህን የሠራው ሰው፣ የሚይዘውን ሰው አላሰበውም» አሉ። «ለምን ራሳችን አንሠራም?»

ፒስተን አቅልጠን የመጀመሪያውን የባትሪ ቀፎ አወጣን። አምፖሉ ዐሥር ደቂቃ ደምቆ በራና ተቃጠለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጋሽ ይመር ሦስተኛውን ሲበራ በከንፈራቸው ዳሰሱት፤ ቀፎው ቀዝቃዛ ነው። አምፖሉ የተቀመጠው ፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ አምፖሉን ራሱን ይበላዋል ማለት ነው። መዳብ ጠፍጥፈን፣ አምፖሉን እሱ ላይ በይደን፣ መዳቡን ከአሉሚኒየሙ ጋር አጥብቀን ገጠምነው። የቀፎውን አንገት ደግሞ ነፋስ እንዲያገኘው ዙሪያውን እንደ ቀለበት እየደረደርኩ ቦረቦርኩት። በራ፣ ቀፎው ሞቀ፣ አምፖሉ ዳነ። ያን ቀን ሽማግሌ የምናህል ሁለት ሰዎች እንደ ልጅ ተቃቀፍን።

ቀጥሎ ማብሪያው ነበር። የገበያ ማብሪያ ቶሎ ይሰበራል። ጋሽ ይመር ማብሪያውን ጨርሶ አስቀሩት፤ አንገቱን ትንሽ ሲያዞሩት ይበራል፣ ሲመልሱት ይጠፋል። የሚሰበር ነገር የለም። ለዚህ ጥርሱ እንደ ቅቤ መሄድ አለበት፤ ያን ጥርስ እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚያወጡት።

ሲስተር ዘይነባ የመጣችው ያኔ ነው። በከላላ በኩል ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ባትሪያችንን አንድ ሰው እጅ ላይ አይታ ነው የገበያ ቀን ጠብቃ የመጣችው።

«ጥሩ ነው፣ ግን ለኔ አይሆንም» አለች ገና ከመቀመጧ።

«ምን ጎደለው?» አልኳት ቅር ብሎኝ።

«እኔ ሁለት እጄ ሥራ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ነው የማዋልደው። እናቲቱን ‘አይዞሽ’ ልላት እንኳ አልችልም፣ አፌ ተይዟል። የሚያዝ ባትሪ ሳይሆን ራሱ የሚቆም ሥሩልኝ።»

ጋሽ ይመር ሳቁና ወረቀት አቀበሏት። የሣለችው አንገቱ የታጠፈ ነገር ነበር፤ ግንዱ ቆሞ ብርሃኑ ወደ ጎን የሚሄድ። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥተን ከጀርባው ገጠምን፤ የብረት አልጋ ላይ ልጥፍ ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ አግዳሚያችን ላይ ራሷ ተጋደመችና ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አየች። «የእናቲቱን ዓይን ያውራታል፣ ደብዘዝ የሚልበት ይኑረው» አለች። ትንሽ ሲያዞሩት ደብዛዛ፣ ጨምረው ሲያዞሩት ደማቅ እንዲሆን አደረግነው። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ «አሁን ነው» አለች። አንገተ ቆልማማውን ባትሪ ያሰበችው እሷ ናት። በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ «እኔ ነኝ ያሰብኩት» እያልኩ ኖሬያለሁ።

አሁን ስለ መተንፈሻው ልናገር። ድንጋዩን የምናገኘው ከሞቱ ላፕቶፖች ባትሪ ነው፤ ከብዙ መጥፎ መካከል ጥቂት ጥሩ ይገኛል። ጋሽ ይመር እያንዳንዱን ይሞሉና ወር ያስቀምጡታል፤ ኃይሉ የወረደውን፣ ሲሞላ የሞቀውን ይጥላሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ጠረጴዛ ላይ አብጦ እየፏጨ ጭስ ተፋ። ከዚያ ወዲያ የእያንዳንዱን ባትሪ የኋላ ክዳን በስስ መሰርሰሪያ ይበሱና በትንሽ ጎማ ይደፍኑታል። ውስጡ ግፊት ቢፈጠር ጎማዋ ተስፈንጥራ ትወጣለች፣ ጭሱ በዚያ ይሄዳል። «ድስት እንኳ ሲፈላ ክዳኑን ያነሣል» ይላሉ። «ይኼ ድንጋይ ቢቆጣ በየት ይውጣ?»

ደሴ ላይ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ እንድንቀርብ ተጠራን። ጋሽ ይመር «አንተ ሂድ» አሉኝ። እኔ ግን ባትሪ ይዞ መሄድ ብቻ አልበቃኝም። ማንም ያላመጣውን ይዤ መሄድ ፈለግሁ፤ ውኃ ውስጥ የሚበራ። መተንፈሻዋ ባለችበት ባልዲ ውስጥ ስነክረው በማግሥቱ ጠብታ ውኃ ውስጡ አገኛለሁ። ስለዚህ ለደሴው መተንፈሻ የሌለው ክዳን ሠራሁ። በጎማ ቀለበት ግጥም አደረግሁት። መስታወት ማሰሮ ውስጥ ውኃ ሞልቼ፣ ባትሪውን እንደበራ ነክሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየተጋፋ አየው። «የመጀመሪያው ነው» ተባለ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ተጨበጨበልኝ። ስመለስ ወረቀቱን ለጋሽ ይመር አሳየኋቸው። ደስ አላቸው። ክዳኑን ግን አላሳየኋቸውም።

ጥቂት ቆይቶ ለዘይነባና ለጓደኞቿ አዋላጆች የሚሆን ስድስት ባትሪ ታዘዝን። ጋሽ ይመር ጥርሱን አውጥተው ከጨረሱ በኋላ ደጎሎ ያለች እህታቸው ታመመችና ሄዱ። የቀረውን እኔ ጨረስኩ። ጆሮዬ ውስጥ ገና የደሴው ጭብጨባ ነበር። አዋላጅ ዕቃዋን ታጥባለች፣ ውኃ የማያስገባው ይሻላታል ብዬ ስድስቱንም ያለ መተንፈሻ ደፈንኳቸው። ድንጋይ ቆጠርኩ፤ የተፈተሸው አምስት ነው። አንዱን ካልተፈተሸው ሣጥን አነሣሁ። ሞላሁት፣ በራ፣ ገጠምኩት። ሰባቱን ቀን አልጠበቅሁም።

ጋሽ ይመር ሲመለሱ ባትሪዎቹ ሄደዋል። «ሰባቱን ቀን አደረግህ?» አሉኝ።

«አድርጌያለሁ» አልኩ።

አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዘይነባ ጤና ጣቢያዋ ውስጥ ምጥ የያዛት እናት አስተኝታ ዕቃዋን ታሰናዳለች። ሲሞላ ያደረውን ድንጋይ ከቻርጀሩ ነቅላ ባትሪው ውስጥ ከተተችና አጠበቀችው። ወዲያው ቀፎው ሞቀባት። እንደ ልማዷ ልትከፍተው አዞረች፤ እምቢ አላት። ውስጡ የታፈነው ጭስ ክዳኑን ወጥሮ ይዞታል። በግራ እጇ ጨብጣ በቀኟ ስትታገል ፈነዳ። እናቲቱን ሌላ ነርስ አዋለደቻት፤ ልጁም እናቱም ደህና ወጡ። ዘይነባ ከግራ እጇ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጣች።

ወሬው ደረሰኝ። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ። ሄጄ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አልሄድኩም። በአራተኛው ቀን ነገሩን የሚያጣሩ ሁለት ሰዎች ስብርባሪውን በጨርቅ ጠቅልለው ወርክሾፓችን መጡ። አንደኛው የተቃጠለውን ድንጋይ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

«ይኼ የእናንተ ነው? ወይስ ከገበያ ገዝታ ቀይራው ነው?»

አገላበጥኩት። ከሰል መስሏል፣ ማንም አይለየውም። ያን ጊዜ በሐሳቤ የመጣው የዘይነባ እጅ አልነበረም። የመጣው ወረቀቱ ነው፣ ስሜ ነው፣ «አሰፋ የሠራው ሰው ቆረጠ» መባሉ ነው።

«የኛ አይደለም» አልኩ። «ቀይራው ይሆናል።»

ጻፉት። ስብርባሪውን እዚያው ትተው ሄዱ። ማታ እሳት ሳቀጣጥል የኋላ ክዳኑን ከፒስተኑ ፍርፋሪ ጋር ማቅለጫው ውስጥ ጨመርኩት።

ጋሽ ይመር ከጀርባ ሆነው ሰምተዋል። ሰዎቹ ሲወጡ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አሰፋ፣ በፈጠረህ፣ ድንጋዩ የኛ አይደለም?»

«አይደለም ጋሽ ይመር።»

«መተንፈሻውስ?»

«አለው።»

«በቃ» አሉ። «አንተ ካልክ በቃ።»

ይህን ነው እስካሁን የማልችለው። ቢጠረጥሩኝ፣ ቢጮሁብኝ ምናልባት እውነቱ ያመልጠኝ ነበር። አመኑኝ።

ዘይነባ ከሆስፒታል እንደወጣች መጣች። እጇ ተጠቅልሎ አንገቷ ላይ ታስሯል። እኔን አላየችም፣ ቀጥታ ወደ እሳቸው ሄደች።

«ጋሽ ይመር፣ ድንጋዩን ቀይረሻል እያሉኝ ነው። ወላሂ አልቀየርኩም። እናንተ የሰጣችሁኝን ነው የሞላሁት። ይንገሩልኝ።»

እኔ ቶርኖው ላይ ጎንበስ ብዬ የምሠራ መሰልኩ። ምንም አልገጠምኩበትም፤ ባዶውን ይዞር ነበር።

ጋሽ ይመር በርጩማ አቀረቡላት፣ አጠገቧ ተቀመጡ። «ልጄ» አሏት፣ «እኔ ከማላውቀው አልመሰክርም። ግን ይህን ልጅ ዐሥራ ምናምን ዓመት አውቀዋለሁ። የኛ አይደለም ብሎኛል። ሰው በሥራ ብዛት ይሳሳታል፤ ሳታስቢው አንዱን በአንዱ ቀይረሽው ይሆናል። አብሽሪ፣ አላህ ይክስሻል።»

ብዙ ጊዜ አየቻቸው። «ልከፍተው ስል እምቢ አለኝ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ተነሥታ ሄደች። ለሰው ዋሽቶ የማያውቅ አፍ ውሸቴን እንዲያወራልኝ አደረግሁ። ከሠራሁት ሁሉ ክፉው ይህ ነው፤ ከፍንዳታው ይብሳል። ፍንዳታው ስንፍናና ትዕቢት ነው፤ ይኼኛውን ግን ዓይኔ እያየ ነው ያደረግሁት።

የቀሩትን አምስት ባትሪዎች «ላሻሽልላችሁ» ብዬ ሰበሰብኳቸው። ሁሉንም በሳሁ፣ ጎማ አደረግሁ፣ ድንጋያቸውን ደግሜ ፈትሼ መለስኩ። አዋላጆቹ «አሰፋ ለዕቃው ተጨናቂ ነው፣ ያለ ክፍያ አሻሻለልን» እያሉ አመሰገኑኝ። ዘይነባን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧትና ከማዋለጃ ክፍል አውጥተው ካርድ ክፍል አስቀመጧት።

ጋሽ ይመር ብዙም ሳይቆዩ «ዓይኔ ደከመ» ብለው ቶርኖውን ተዉ፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ መቃብር ድረስ ተሸክሜያቸዋለሁ። ወርክሾፑን ቤተሰቡ ለኔ አስረከበኝ። ብዙ ባትሪ ሠራሁ፤ ለእረኛም፣ ለቄስም፣ ለሼህም። እስከ ወግዲ ድረስ ስሜ ታወቀ። አንዱንም ያለ መተንፈሻ አላወጣሁም፣ አንዱንም ያለ ሰባት ቀን አልሰጠሁም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን እናገራለሁ። ያንን ግን ዘልዬው አልፋለሁ።

መምህሩ የጠየቀኝን አራት ገጽ የቀደድኩ ዕለት በማግሥቱ መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት በሽተኛ ተሰልፏል። የምለው ስላጣሁ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ሳትል «ስም?» አለች። በቀኝ እጇ ትጽፋለች፣ በግራ መዳፏ ጠርዝ ካርዱን ተጭናለች።

«አሰፋ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል።

«ጋሽ አሰፋ። አመመዎት?»

«አላመመኝም። ላናግርሽ ነው የመጣሁት።»

«ከኋላዎ በሽተኛ አለ። ምሳ ሰዓት ይጠብቁኝ።»

ጠበቅኋት። በግቢው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከደሴው ማሰሮ ጀምሬ ነገርኳት፤ መተንፈሻውን፣ ያልተፈተሸውን ድንጋይ፣ «የኛ አይደለም» ያልኩትን፣ ያቀለጥኩትን ክዳን። ምንም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የግራ እጇን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ምን ስሠራ እንደኖርኩ ያውቃሉ?» አለችኝ። «ያን ጠዋት ስቆጥር። ተነሣሁ፣ ሰገድኩ፣ ድንጋዩን ከቻርጀሩ ነቀልኩ… ከዚያ ‘ምናልባት የሌላ ሰው አንስቼ ይሆን?’ እላለሁ። ጋሽ ይመርን የመሰለ ሰው ‘ቀይረሽው ይሆናል’ ካለኝ እኔ ማን ነኝ? እጄን ካጣሁት ይልቅ ራሴን ማመን ያጣሁት ባሰብኝ። ዛሬም አንድ ካርድ ሦስት ጊዜ ነው የማነበው።»

እሷው ቀጠለች።

«እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም። እኔን አምነው ነው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። «ለቅሷቸውን አልደረስኩም» አለች። «አገር ሁሉ ሲሄድ እኔ ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ። ጎረቤቴ ‘አትመጪም?’ ስትለኝ ‘ያ ሐሰተኛ ሽማግሌ ምኔ ነው’ አልኳት። እንደዚያ ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ለሞተ ሰው።»

«አፉ በይኝ ዘይነባ» አልኳት።

እንባዋን ጠረገች። «አልዋሽዎትም ጋሼ። ይቅር ለማለት ገና ነኝ። መጀመሪያ ይምጡና ለባልደረቦቼ ይንገሯቸው።»

ከምሳ በኋላ ሠራተኞቹን ሰበሰበች። ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጥበቃው ሳይቀር። ቆሜ ተናገርኩ።  አንዲት አዋላጅ «እኛን ሲያሠለጥኑን ‘እንደ ዘይነባ ያልተፈቀደ ድንጋይ እንዳትጠቀሙ’ ብለውናል» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ዘይነባ ተነሥታ ቆመች። «ድንጋዩን አልቀየርኩም» አለች፤ ያንን ብቻ። የተናገርኩትን በወረቀት አስፍሬ ፈረምኩ፤ በማኅደሯ ውስጥ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ጋር እንዲያያዝ ለኃላፊው ሰጠሁ።

ቅዳሜ ዘይነባ መካነ ሰላም መጣች። «ወደ ጋሽ ይመር ባለቤት ይውሰዱኝ፣ ለቅሶ ልድረስ» አለችኝ። እማ ከድጃ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ዘይነባ ገና በሩ ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ እሳቸውም ማን እንደሆነች ሳያውቁ አብረዋት አለቀሱ። ሲረጋጉ ስሟን ነገረቻቸው።

«አንቺ ነሽ?» አሉ እማ ከድጃ። እጇን ፈልገው ያዙ፣ የጎደለውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። «ይመር እስኪሞት ድረስ በዱዓው ይጠራሽ ነበር።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ተናገርኩ። ለዘይነባ እንደነገርኳት አልረዘመም። «ጋሽ ይመርን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ድንጋዩ የኛ ነበር። መተንፈሻውንም እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አልኩ።

እማ ከድጃ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። 

«ልጅቱ ‘ልከፍተው ስል እምቢ አለኝ’ ብላው ሄደች» አሉ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ‘ከድጃ፣ ጥርሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አጥብቄው ይሆን? በኔ እጅ ይሆን የተቆረጠችው?’ ይለኛል። ለዚያ ነው ቶርኖውን የተወው። ለእናንተ ‘ዓይኔ ደከመ’ አላችሁ። ዓይኑ ደህና ነበር። ራሱን ጠረጠረ። አንተን ግን አንድም ቀን አልጠረጠረህም።»

ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በኛ አገር ሰው እግር ላይ ሲወድቅ ግንባሩ መሬት ሳይነካ «ኧረ ተነሥ፣ በሞቴ» ይባላል። ግንባሬ ወለሉን ነካ፣ ቆየ። 

«ተነሥ አሰፋ» አሉኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ። «ይህን ለእሱ ነበር የምትነግረው።»